ይድረስ ለጆሮው

ለጤናህ እንደምን አለህ ጆሮ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳቅህ አይደል? ለሰፈር እናቶች ደብዳቤ ስንጽፍ ይችን መስመር ሳይነግሩን ነበር የምናሰፍራት። ዛሬ በራሴ ስም ስጽፋት ግን እጄ ከበደኝ። ሦስት ዓመት ድምፁን ያጠፋ ሰው "ከናፍቆትህ በስተቀር" ሲል ትንሽ ያሳፍራል።

ኔት ተዘግቶ ነበር ልልህ አስቤ ነበር። ተዘግቶም ነበር። ግን ከተከፈተ ስንት ጊዜው? ሁለቴ ደውለህ አላነሳሁም፤ ለፋሲካ የላክኸውን መልእክት አንብቤ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ምክንያት አለኝ፤ እሱን መሃል ላይ ታገኘዋለህ፤ ከፊት ካስቀመጥኩት ቀሪውን አታነበውም። በል ይቅርታ ብያለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ እንለፍ።

እማማ ደህና ናቸው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አውቶፓርኮ መታጠፊያው ላይ ያዙኝ። "ከልጄ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?" አሉኝ። "ኧረ እማማ!" "ታዲያ እሱ ስላንተ እኔን ይጠይቀኛል፤ አንተ እዚሁ እየዋልክ ስለሱ አትጠይቀኝም" ብለውኝ ጥለውኝ ሄዱ። ጉልበታቸው ግሩም ነው፣ አታስብ፤ ዳገቱን ቀድመውኝ ነው የወጡት።

በሳቸው ቁጣ ብቻ ቢሆን ግን አሁንም አልጽፍም ነበር፤ ታውቀኛለህ። የጻፍኩልህ ሞተር አስቸግሮኝ ነው።

ሞተር ስልህ ባጃጅ እንዳይመስልህ። ባለ አራት ጎማ! የስፖርቱ፣ ሆንዳ 400 ኢኤክስ። በልጅነታችን ያቺን የተቀደደች የፈረንጅ መጽሔት እየገለጥን ስንጣላባት የነበረችው ራሷ ናት ብልህ አላጋነንኩም። የኋላ ጎማዋ እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ቀይ። ጋራዡ በር ላይ ሲያወርዷት ባጃጅ እየጠገንኩ ነበር፤ ቺያቤውን ከነዳዶው ባለቤቱ እጅ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ይሰድበኛል።

ባለቤቷ የሰሊጥ ነጋዴ ልጅ ነው፤ መተማ በኩል እርሻ አላቸው። አጎቱ ከአሜሪካ በኮንቴይነር ልኮለት ነው። እንደ ፈረንጅ 2003 ሞዴል፣ 397 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ አራት ቫልቮላ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ። የኋላ ማርሽ የላትም፤ ሆንዳ እሱን የጨመረው 2005 ላይ ነው፤ ስለዚህ ከጋራዥ ለማውጣት ሁለት ሰው በደረቱ ይገፋታል። ልጁ ምን አለኝ መሰለህ? "ዳገት ላይ ትታፈናለች፤ አቅም ጨምርልኝ፤ ለጥምቀት እፈልጋታለሁ።"

አቅም ጨምርልኝ! ይህን ቃል የሚለኝ ደንበኛ ስጠብቅ ጸጉሬ ሸብቷል። ሰው ሁሉ "ቤንዚን ትበላለች፣ ቀንስልኝ" እና "ያገለገለ ዕቃ ፈልግልኝ" ነው የሚለኝ። ክፉኛ ደስ አለኝ ጆሮ። ያ ደስታ ነው ያጠፋኝ።

እንግዲህ ስድብህን አዘጋጅ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ያንተን የኮምፕሬሽን መለኪያ ማውጣት ነው። ካንዴላውን ፈታሁ፣ መለኪያውን አሰርኩ፣ ጋዙን ሙሉ ለሙሉ ከፍቼ ስታርተር መታሁ። የፋብሪካው መጽሐፍ ከሚለው ሩብ ያህል ጎደለ። ደገምኩ፤ ያው። እኔም እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ፣ ያንን የሐኪም ፊቴን አድርጌ፣ "የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ፒስተን መቀየር አለበት፤ ከቀየርን አይቀር ደግሞ እናሳድገው" አልኩት። ልጁ አልተከራከረም፤ ቀብድ ቆጠረልኝ። የፈታሁትን ካንዴላ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት እንጂ አላየሁትም። ሥራ ያስተማረን ባሻ በሕይወት ቢኖር በዚያች ደቂቃ ማጅራቴን ይለኝ ነበር፤ "አንተ ከብት፣ ሆዱን ከመቅደድህ በፊት አፍንጫውን እይ!"

ፒስተኑ በሰው ሻንጣ መጣ። ፋብሪካው የሰጣት ባለ 85 ሚሊ ነበር፤ ያመጣነው ባለ 87። ያ 397 የነበረውን 416 ሲሲ ያደርገዋል። አናቱም ጎበጥ ያለ ነው፤ 9.1 ለ1 የነበረውን መጭመቂያ 11 ለ1 ያደርሰዋል። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አነሳሁ፣ ሲሊንደሩን አወጣሁ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ ውስጡን አየሁት።

የፋብሪካው ጭረት እንዳለ ነው። ያቺ እርስ በርሷ የምትቆራረጠው ስስ መስመር፣ ከላይ እስከ ታች፣ ትናንት የተሠራች ትመስላለች። አንዲት የፒስተን ቁስል የለበትም። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቼ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ለካሁ፤ ደህና ነው። ጤነኛ ሰው አስተኝቼ ሆዱን ቀድጃለሁ።

ሲሊንደሩን ታቅፌ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዚያ ነው የገባኝ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፣ ለጨዋማው ባሕር)። ጎንደር 2,100 ሜትር ላይ ናት። መለኪያህ የሚጨመቀውን አየር ነው የሚያነበው፤ የገባው አየር ራሱ ስስ ከሆነ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? እዚህ ያለ ጤነኛ ሞተር ሁሉ "ታምሜአለሁ" ብሎ ነው የሚያነብበት። እኔና አንተ ስንት ዓመት የባጃጅና የሞተር ሳይክል ኮምፕሬሽን እዚሁ ለክተናል፤ መጽሐፍ አይተን ስለማናውቅ ነው ያልተሳሳትነው!

ለልጁ ነገርኩት? አልነገርኩትም። ቀብዱ የቤት ኪራይ ሆኗል። ሲሊንደሩን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ሪቦር እንዲደረግ፣ ለአዲሱ ፒስተን እንዲሰፋ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላክሁት።

እዚህ ላይ ነው ያስቀመጥኩልህ ነገር የሚመጣው። መለኪያህን ስጠቅስ "ዕቃዬ አለ ማለት ነው" ብለህ ደስ ብሎህ ይሆናል። መለኪያው ብቻ ነው ያለው። ሣጥኑን ሸጬዋለሁ። ቺያቤዎቹን፣ ማይክሮሜትሩን፣ ያቺን ሰማያዊ እጀታ ካቻቢቴ ሳይቀር። በዚያ ሥራ በጠፋበት ክረምት፣ ልጅቷ ታማብኝ፣ አንድ ቅዳሜ ይዤው ወጣሁና ባዶ እጄን ተመለስኩ። ወርዶ ወርዶ በማይረባ ዋጋ። ስትሄድ "አደራ" ያልከኝ ቃል አንድ ነበር። ስልኩ ሲጠራ ስምህን ሳይ የሚታየኝ ያ ሣጥን ነበር፤ ምን ብዬ ላንሳ? ካቻቢቴውንስ ባልሸጥኩት፤ ጆሮህ ላይ ደግፈህ ሞተር የምታዳምጥበት ነበር እኮ። መለኪያውን ደግሞ አዝኜ ያስቀረሁት እንዳይመስልህ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ገዢ ጠፍቶ ነው። እሱም በተራው ተበቀለልህ።

እከፍልሃለሁ። አሁን አይደለም፣ ግን እከፍልሃለሁ። በቃ ተናገርኩት።

ወደ ሞተሯ። ሲሊንደሩ ተመለሰ፣ ገጠምኩ። ቫልቮላውን ሬጂስትሮ አደረግሁ፤ የማስገቢያው 0.10፣ የማስወጫው 0.12 ሚሊ፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የለካሁት። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዘይት። ስታርተር ስነካት በአንዴ ተነሳች። ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳልሰጣት፣ ስትሠራ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ጋዝ ሰጠኋት፤ ቧ… ቧ… ብላ ታፈነች። ጥቁር ጭስ። ከበፊቱ የባሰ!

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ በባትሪ ወደ ጋራዡ ሄድኩ (ዘበኛው ሌባ መስሎት ዱላ አንስቶ ነበር) ያንን መጀመሪያ ቀን የወረወርኩትን ካንዴላ ከጠረጴዛው ሥር ፈልጌ አገኘሁት። ጥላሸት! ደረቅ፣ ጥቁር፣ እንደ ምጣድ ቂጥ። ቤንዚኑ በዝቶባት ነበር፤ አቅምም ያጣችው በሱ ነው። ከአንድ ወር በፊት አንዴ ገልብጬ ባየው ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የአጎትየው ነገር እንዲህ ነው። እሱ አገር፣ ባሕር አጠገብ፣ ሞተሯን ቀድሞ አስነክቷታል። ማርሚታዋን በክፍቱ ለውጧል፣ የፊልትሮ ሣጥኑን ክዳን አውልቆ ጥሏል፣ አየሩ ስለበዛ ደግሞ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምታሳልፈውን ዋናዋን ጄት በ160 ቀይሯታል። ለሱ አገር አልተሳሳተም። እዚህ ግን ጄቷ ያንኑ ቤንዚን ልቀዳ ትላለች፣ አየሩ ደግሞ ከአምስት እጅ አንዱ የለም። ወጡ ያው፣ እንጀራው ጎደለ። አስበው ጆሮ፤ እኔ ይህን ሁሉ ጉድ ሠርቼ የጨመርኩላት 19 ሲሲ ነው። ከፍታው የወሰደባት ወደ 75 ሲሲ የሚጠጋ ነው! ፒስተን በሰው ሻንጣ አስመጥቼ፣ ሲሊንደር በአውቶቡስ ልኬ፣ የምፈልጋት የነበረችው ከሽምብራ የማትበልጥ የነሐስ ቡሎን ናት።

እሷም ጎንደር የለችም። አዲስ አበባም አስጠየቅሁ፤ የባጃጅ ካልሆነ አሉኝ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ባሻ ያስተማረንን። ሬዲዮ ጠጋኙ ልጅ ዘንድ ሄጄ የጄቷን ቀዳዳ ሬዲዮ በሚበይድበት ስታኞ አስደፈንኩና በ1.5 ሚሊ መሰርሰሪያ፣ በጣቴ እያሽከረከርኩ፣ እንደገና በሳሁት። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት አይደል፤ 150 ይሆናል ብዬ። ትንሽ ሞላላ ወጣ። ግድ የለም አልኩ፣ ገጠምኩት። የፊልትሮውንም ክዳን ከቆርቆሮ ቆርጬ ሠራሁለት፣ መሃሉን ከፈት አድርጌ፤ በዚህ በጋ አቧራ ክዳን አውልቆ መንዳት ፋሻውን በእውነት መጨረስ ነው።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ በአዘዞ መንገድ ይዣት ወረድኩ።

እንዴት ልንገርህ? አደባባዩ ላይ መጀመሪያ ልትገለብጠኝ ነበር፤ የኋላ አክስሏ አንድ ወጥ ነው፣ ሁለቱ ጎማ እኩል ካልዞርን ይላል፤ አስፋልት ላይ መሪ ስታዞር እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ቂጤን ወደ ውስጠኛው ጎን አውጥቼ እንደ ፈረስ ጉግስ ተንጠልጥዬ አዞርኳት፤ አንዲት ቆሎ ሻጭ አማተቡ። ከከተማ ወጥቼ የአፈር መንገዱን ስይዝ ግን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። ጆሮ፣ ሳበች! ሆዴ ወደ ኋላ ቀረ። ያ "ቧ" የሚለው የለም፣ ጭስ የለም፤ እንደ ጨርቅ መቅደድ ያለ አንድ ወጥ ድምፅ። ጮህኩ መሰለኝ። እረኛ ልጆች ከኋላዬ ሲሮጡ በመስታወት… መስታወት እንኳ የላትም፣ ዞሬ አየኋቸው። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው በብርድ እንባዬ እየወረደ ነበር። በብርድ ነው።

ቆሜ ካንዴላውን ፈታሁ። የወተት ቡና መልክ! በመሐረብ ጠቅልዬ ላሳይህ አስቀምጬዋለሁ፤ እንዴት እንደማሳይህ እንጃ።

ግማሽ ቀን ነው የቆየችው። ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ድንገት ታፈነች፤ ያው ጥቁር ጭስ። እየጎተትኩ ገብቼ ካርቡራቶሩን ስከፍት ጄቷ ባዶ ቀዳዳ ናት፣ ይባስ ብሎ መሰርሰሪያው አስፍቷታል። ስታኞው የለም። ጎድጓዳዋ ሥር ፈለግሁ፣ በማግኔት እንዳልፈልገው ማግኔት አይዘውም፣ ቤንዚኑን በነጭ ጨርቅ አጠለልኩ፤ የለም። የስንዴ ፍሬ አታክልም። ሄዳለች። ወዴት? ወይ በማርሚታው ወጥታለች፣ ወይ ደግሞ…

ከዚያ ወዲህ አንድ ድምፅ አለ። ሚኒሞ ላይ፣ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ትክ… ትክ… ትክ። ሲቀዘቅዝ የለም። ጋዝ ስሰጥ ይጠፋል ወይስ እኔ አልሰማውም? አላውቅም። በሌላ ካቻቢቴ አዳመጥኩ፤ አንዴ ከቴስታታው፣ አንዴ ከጎን የመጣ ይመስለኛል። ቫልቮላው ጠብቄው ላልቶ ይሆን? አዲሱ ፒስተን ነው? ወይስ ያቺ ስታኞ የሆነ ቦታ ተጣብቃ ናት? ቴስታታውን እንደገና እንዳላነሳ ያለኝ ጓርኒሲዮን አንድ ነበር፣ ተጠቅሜበታለሁ። በቃ ጆሮዬ አላገለግል አለኝ። ድሮም የኔ ሥራ መፍታት ነበር፣ የመስማቱ ያንተ።

ሌላው ጭንቀቴ ልጁ ነው። ከጥምቀት በኋላ ወደ መተማ ላውርዳት ይላል። ለጎንደር የጠበበች ጄት ይዞ ከ1,000 ሜትር በታች ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ሙቀቱ ቢያሳሳውም ከዚህ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ደግሞ ያንሳል። በዚያ ላይ እኔው የጫንኩበት 11 ለ1 መጭመቂያ አለ። እርሻው ሳይደርስ ፒስተኑ መሃሉ ላይ ይበሳል። "ጄት ትቀይራለህ" ስለው "ሁሌ?" አለኝ። ሄልሜት ግዛ ስለው ደግሞ ሳቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በጥምቀት ሕዝብ መሃል ይችን ሞተር ይዞ ሲገባ በዓይኔ ይመጣብኛል፤ ቁልፉን ሄልሜት አድርጎ ካልመጣ አልሰጠውም ብዬ ምያለሁ፤ የራሱን ንብረት ስከለክለው ምን እንደሚለኝ እናያለን።

ፋሻው ደህና እንደነበረስ ልንገረው? አንተ ብትሆን ትነግረው ነበር፤ እሱን አውቃለሁ። ቀብዱን መመለስ ስለማልችል ነው እንጂ… እስቲ አንተም አንድ በል።

አሁን ልመናዬ። ያለህባት ዴንቨር ከፍታዋ 1,609 ሜትር ነው አይደል የምትለኝ? እንግዲያ እዚያ ያለ የሞተር ዕቃ ሻጭ ለደጋ የሚሆን ጄት አያጣም። ለሆንዳ 400 ኢኤክስ፣ የኬይሂን ካርቡራቶር ዋና ጄት በላቸው። 148፣ 150፣ 152፣ ለቆላው 158፣ እና ያበላሸሁትን 160 የሚተካ አንድ። አንድ የቴስታታ ጓርኒሲዮንም፣ ባለ 87 ሚሊ፣ ካልከበደህ። ጄቶቹ ተደምረው ክብሪት ቀፎ ውስጥ ይገባሉ። ለጥምቀት የሚመጣ የጎንደር ልጅ አይጠፋም፤ እማማ ማን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ዋጋውን… በሣጥኑ ላይ ደምረው። ምን ልበልህ፣ ሣጥንህን ሸጬ ዕቃ ላክልኝ የምልህ ሰው ነኝ፤ ሰድበኸኝ ስትጨርስ ላክልኝ።

ድምፁን ቀርጬ ልኬልሃለሁ፤ ከዚሁ ሥር ታገኘዋለህ። አርባ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ የምትሰማው የዘበኛው ውሻ ነው፣ እሱን እለፈው። ሃያኛው ሰከንድ ላይ ጋዝ እነካለሁ፣ ከዚያ ሚኒሞ ላይ እተዋታለሁ። በጆሮ ማዳመጫ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እንደምታደርገው ስማው። ቫልቮላ ከሆነ "ቫልቮላ" ብለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ። ሌላ ምንም ባትጽፍም አልቀየምህም።

ያንተው
ቡሎን

አዎ፣ ተርፋለች። አንዲት ቡሎን፣ ባለ 6። አትሳቅ፤ ከየት እንደሆነች እየፈለግሁ ነው።